ንድፈ ሐሳብ እወዳለሁ፤ ቤተ ሙከራ ስገባ ግን እጄ ይታሰራል

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጅማ ነው። ንድፈ ሐሳብ እወዳለሁ። ታናሽ ወንድሜን ፊዚክስ ሳስጠና እንኳን ደስታው አይጣል ነው። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት የማክስዌልን እኩልታዎች ይዤ ቁጭ ብዬ፣ ከኤሌክትሪክና ከማግኔት ሁለት ቋሚ ቁጥሮች የብርሃን ፍጥነት ሲወጣ ሳይ አለቀስኩ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነኝ። በቡድናችን አምስት ነን፤ መሣሪያውን ወንዶቹ ይይዛሉ፣ እኔ ‹ጽሕፈትሽ ያምራል› ተብዬ መዝጋቢ ሆኛለሁ። አንድ ቀን ተራ ደርሶኝ የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያውን፣ አሜትሩን፣ ስቀጥል ፊውዝ አቃጠልኩ፤ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልነካም። አባቴ እንጨት ሠራተኛ ነው፤ እጁ ወደ እኔ አልመጣም መሰለኝ። ወደ ሒሳብ ክፍል ልዛወር? ወይስ መሣሪያ ሳይነኩ የፊዚክስ ሰው መሆን ይቻላል? የመመረቂያ ሥራዬን በንድፈ ሐሳብ ላይ ባደርገውስ ጥፋት ነው? ለአባቴስ ምን ልበለው?»

ልጄ፣

ደብዳቤሽን አሳጥሬዋለሁ፤ ስምሽንና የምትማሪበትን ተቋም አላወጣሁም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የታየኝ ንድፈ ሐሳብ የምትወድ ልጅ ጥያቄ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ መልሱም አይከብድም። በሦስተኛው ንባብ ግን ያች ስለ ጽሕፈትሽ ማማር የጻፍሻት ዓረፍተ ነገር ያዘችኝ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አጭሩን ላስቀድም። አዎ፣ መሣሪያ መንካት ሥራቸው ያልሆነ የፊዚክስ ሰዎች አሉ፤ ንድፈ ሐሳብ ራሱን የቻለ ሙሉ ሙያ ነው። በአገራችንም በጠመኔና በወረቀት የሚሠራው ፊዚክስ ሥር ሰድዷል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲካል ፊዚክስ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ የዚህ ወገን ሰው ናቸው። ስለዚህ የመመረቂያ ሥራሽን በንድፈ ሐሳብ ላይ ብታደርጊው ምንም ጥፋት የለበትም። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፤ በሥራሽ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ሊለካው የሚችል ቁጥር ይውጣ። ቁጥር የማይወልድ የመመረቂያ ሥራ ስንት ገጽ ቢሆን ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን የሚነግርሽ አይገኝም።

ወደ ሒሳብ ክፍል ግን አትዛወሪ። ይህን የምልሽ ሒሳብን አሳንሼ አይደለም፤ ያለቀስሽበትን ነገር አይቼ ነው። ያንን ሌሊት መልሰሽ አስቢው። ከእኩልታዎቹ የወጣልሽ የአንድ ማዕበል ፍጥነት ነው። ወረቀቱ ላይ «ብርሃን» የሚል ቃል የለም። ቁጥሩን አይተሽ «ይህማ ብርሃን ነው!» ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እንዲህ ማለት የቻልሽውም ከአንቺ በፊት ብርሃንን የለካ ሰው ስለነበረ ነው። ሒሳብ ብቻ ልብሽን ቢይዘው ኖሮ እኩልታው ሲፈታ ረክተሽ ትተኚ ነበር። አንቺ ግን ያለቀስሽው ወረቀቱ ከውጭው ዓለም ጋር ሲገናኝ ነው።

ግንኙነቱ እንዴት እንደመጣ ልንገርሽ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1849 ፊዞ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ አካባቢ 720 ጥርስ ያለው ጎማ ያሽከረክር ነበር። በሁለት ጥርሶች መካከል ያለፈው ብርሃን ከስምንት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ ወደ ቆመ መስታወት ይሄዳል፤ ተመልሶ ሲመጣ ቀጣዩ ጥርስ ደርሶ ይጋርደዋል። ጎማው ምን ያህል ሲፈጥን ብርሃኑ እንደሚጋረድ በማየት ያገኘው ፍጥነት በሰከንድ ወደ 315,000 ኪሎ ሜትር ነበር። በ1856 ደግሞ ቬበርና ኮልራውሽ የተባሉ ሁለት ጀርመኖች በላይደን ጠርሙስ ያጠራቀሙትን የኤሌክትሪክ ቻርጅ በሁለት መንገድ ለኩት፤ አንድ ጊዜ በሚገፋበት ኃይል፣ ሌላ ጊዜ በሽቦ ሲፈስ የማግኔት መርፌን በሚያወዛውዝበት መጠን። አንዱ ልኬት ለሌላው ሲካፈል ፍጥነት ይወጣል፤ ከእነሱ ቁጥር የእኩልታዎችሽ ባለቤት ማክስዌል ያገኘው በሰከንድ 310,740 ኪሎ ሜትር ነበር። ጀርመኖቹ ይህን ሲለኩ ሐሳባቸው ከብርሃን ጋር አልነበረም።

አሁን ማክስዌል በ1860ዎቹ በቆመበት ቦታ ቁሚ። በአንድ እጅሽ 310,740፣ በሌላው 315,000 ይዘሻል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

በወረቀት ላይ ሁለት ናቸው፤ ከ4,000 በላይ ይለያያሉ። ማክስዌል ግን ጎማው እንዴት እንደዞረ፣ ጠርሙሱ እንዴት እንደተሞላ፣ መርፌው እንዴት እንደተነበበ ያውቃል። ልዩነቱን ያመጣው የሰውና የመሣሪያ ስህተት እንደሆነ ፈረደ፤ በሁለቱ ቁጥሮች ሥር ያለው አንድ ነገር ነው አለ። ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ማዕበል መሆኑን ያወቅነው በዚያ ፍርድ ነው። ዛሬ ትክክለኛው ቁጥር 299,792 መሆኑን እናውቃለን። አንደኛው ልኬት በአራት ከመቶ ገደማ፣ ሌላው በአምስት ከመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ነበር። በእነዚያ የተሳሳቱ ሁለት ቁጥሮች ውስጥ እውነቱን ማየት የቻለው፣ ልኬት ምን ያህል እንደሚታመንና የት ላይ እንደማይታመን የሚያውቅ አእምሮ ነው።

ቤተ ሙከራ የሚያስተምረው ይህንን ፍርድ ነው። ማንዋሉ ላይ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም፤ ለዚህ ነው ብዙ ተማሪ ቀድሞ የታወቀ መልስ መልሶ መፈለጊያ ክፍል አድርጎ የሚያየው፤ አንቺም እንደዚያ ብታዪው አልፈርድብሽም። ማክስዌል ራሱ ግን በለንደን ቤቱ ጣሪያ ሥር ባለው ክፍል ጋዞች በሰበቃ እንቅስቃሴን ምን ያህል እንደሚገቱ ይለካ ነበር፤ ሚስቱ ካትሪን አብራው ትሠራ ነበር። ንድፈ ሐሳቡ ይህ ግትነት በጋዙ ግፊት አይለወጥም ይል ነበር፤ ለእሱ ለራሱ እንግዳ የሆነበትን ይህን ውጤት አብረው ለክተው አረጋገጡት። በ1874 የተከፈተውን የካምብሪጅን የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ያቋቋመውም እሱ ነው። እኩልታዎቹ ሌሊት ያስለቀሱሽ ሰው ይህ ነው።

ይህን ፍርድ ሳይማሩ የሚያልፉ ሰዎች ዕዳው ተከትሏቸው ይመጣል። ከኳንተም ፊዚክስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሃይዘንበርግ በ1923 በሙኒክ ለዶክትሬት ሲፈተን የሙከራ ፊዚክሱ ፕሮፌሰር ቪልሄልም ቪን፣ ማይክሮስኮፕ ሁለት ተቀራራቢ ነጥቦችን ለይቶ የማሳየት አቅሙ ከምን እንደሚመጣ ጠየቀው፤ አልመለሰም። ባትሪ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀው፤ አልመለሰም። ያለፈው በዝቅተኛ ውጤት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ስሙን ያስጠራውን የኢርግጠኝነት መርሕ፣ የአንድን ቅንጣት ቦታና ፍጥነት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በትክክል ማወቅ አይቻልም የሚለውን፣ ሲጽፍ ምሳሌ ያደረገው ማይክሮስኮፕን ነው፤ ዴንማርካዊው የፊዚክስ ሰው ቦር ጽሑፉን አንብቦ ስህተት ያገኘበትም እዚያው የማይክሮስኮፑ ነጥብን ለይቶ የማሳየት አቅም ላይ ነበር። ሃይዘንበርግ በዚህ ምክንያት ታላቅ ከመሆን አልቀረም፤ አንቺንም ለማስፈራራት አላነሣሁትም። በ1923 የተዘለለው ጥያቄ ግን በ1927 ተመልሶ መጣ።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር። ልጄ፣ አንቺ ቤተ ሙከራን አትጠዪም፤ ገና አልገባሽበትም። በክፍሉ ውስጥ ተቀምጠሽ ሌሎች ያዩትን ትጽፊያለሽ። ሌላ ሰው ካነበበልሽ ቁጥር ጋር ፍቅር ሊይዝሽ አይችልም። እኔ አስተማሪ ሳለሁ በየቡድኑ ብዕሩ በሴቶቹ ልጆች እጅ እንደሚቀር በየዓመቱ አይ ነበር፤ ሥራው እስከተሠራ ድረስ ብዬ አልፌዋለሁ። ማለፍ አልነበረብኝም። ስንቷ ልጅ «ለሙከራ አልተፈጠርኩም» ብላ ከእጄ እንደወጣች ሳስብ ይቆጨኛል፤ ደብዳቤሽን ቁጭ ብዬ በረጅሙ የመለስኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ቀደም ብለሽ ግቢና ሳትቆጪ፣ ሳትለማመጪም «ዛሬ እኔ እቀጥላለሁ፣ መዝገቡን አንዳችሁ ያዙ» በያቸው። ከዚያ በኋላ ተራው በየሳምንቱ ይዙር። አብዛኞቹ ልጆች ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ለምደውት ነው፤ ሲነገራቸው ያፍራሉ። እምቢ ካሉ ለቤተ ሙከራው ረዳት ንገሪው፤ ከሁሉ በኋላ ለብቻሽ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጥሽም ለምኚው። ያች ግማሽ ሰዓት ማንም ሳይመለከትሽ የምትሳሳቺባት ስለሆነች ትልቅ ሀብት ናት።

ስለ ፊውዙ ደግሞ ልንገርሽ። አሜትሩን ከሌላው ጋር ተከታትሎ በሚቀጠልበት ቦታ ሳይሆን ከምንጩ ጋር ጎን ለጎን ቀጥለሽው ይሆናል፤ ይህን ያላደረገ የፊዚክስ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። አሜትር ተከታትሎ እንዲቀጠል ስለተሠራ በውስጡ ያለው ሬዚስታንስ ከምንም አይቆጠርም። አምስት ቮልትን ለአንድ አሥረኛ ኦም አካፍይ፤ ሃምሳ አምፒር ይሆናል። ፊውዙ የተሠራው መሣሪያው እንዲተርፍ እሱ እንዲቃጠል ነው፤ ሥራውን ሠራ። ከአምስታችሁ መካከል በዚያ ቀን የኦምን ሕግ በጣቷ ያወቀችው አንቺ ነሽ። የሳቁት አሁንም የሚያውቁት በወረቀት ነው።

ንድፈ ሐሳብ የሚወድ ሰው ወደ ቤተ ሙከራ የሚገባበት የራሱ በር አለው፤ እሱም ትንበያ ነው። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት በነበረው ምሽት ምን ቁጥር እንደሚወጣ በራስሽ ሠርተሽ ጻፊ፤ የማንዋሉን ቀመር ገልብጠሽ ሳይሆን ከሥሩ አውጥተሽ። ቀመሩ ምን ምን እንደናቀ ዘርዝሪ፤ አየሩን፣ ሰበቃውን፣ የክሩን ክብደት። እያንዳንዱ ንቀት ውጤቱን በስንት ከመቶ እንደሚያዛባ ገምቺ። ይህ ሁሉ የአንቺ የወረቀት ሥራ ነው። እንዲህ አድርገሽ ስትገቢ መሣሪያው ስለ አንቺ ሐሳብ የሚመሰክር ምስክር ይሆናል፤ ቃሉን ለመስማት ትቸኩያለሽ።

ለዚህ የማመጣው ምሳሌ የራሴን ጥፋት ነው። ተማሪ ሳለሁ በፔንዱለም፣ ማለት በክር ተንጠልጥሎ በሚወዛወዝ ክብደት፣ የመሬትን ስበት እንድንለካ ታዘዝን። የለካሁት በ9.7 እና በ9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ መካከል ሲዋዥቅብኝ ደብተሬ ላይ 9.81 ብዬ ጻፍኩ፤ መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚል። ሙሉ ማርክ ተሰጠኝ። ከዓመታት በኋላ ስበት በየቦታው እንደሚለያይ በቁጥር ሠርቼ ሳየው ደነገጥኩ። በባሕር ወለል ከፍታ በምድር ወገብ ላይ 9.780፣ በዋልታዎቹ ላይ 9.832 ነው፤ መሬት ስለምትሽከረከርና ወገቧ ላይ ስለምትሰፋ። ወደ ላይ ሲወጣም በየ1,000 ሜትሩ በ0.003 ያህል ይቀንሳል። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከስምንት ዲግሪ በታች ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በከተማችን የሚጠበቀው 9.78 ነው። የመጽሐፉ 9.81 የሌላ አገር ቁጥር ነው። እኔ እውነተኛውን በእጄ ይዤው ነበር፤ አምኜ አልጻፍኩትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ እኔ መጽሐፉን አልጠረጠርኩም።

በነገራችን ላይ ውሃም እንደዚያው ነው። በጅማ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ። የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ነክሮ «ይህ መቶ ነው» ብሎ ምልክት የሚያደርግ ተማሪ ከዚያ በኋላ የሚለካው ሙቀት ሁሉ ይዛባበታል። እናትሽ ጀበናውን በጣደች ቁጥር አስቢው።

ስለ ወደፊቱ አጠር ላድርግ። የንድፈ ሐሳብ የሥራ ቦታ ጥቂት ነው፤ ብዙዎች የሚኖሩት በማስተማር ነው፤ የምታስተምሪውም ቤተ ሙከራን ጭምር ይሆናል። ከአሁኑ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሪ፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ስሌት በወረቀቱና በመሣሪያው መካከል ያለ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወደ ወረቀትሽ ትመለሻለሽ። ለሁለተኛ ዲግሪ ስትደርሺ በጣሊያን ትሪየስት ያለውን ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ማዕከል፣ የእሱን የኪጋሊ ተቋም፣ የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋማትንም ተከታተዪ። የትሪየስቱን ማዕከል በ1964 ያቋቋመው ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም ነው፤ እንደ እኛ ካሉ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎች ከዓለም ተቆርጠው እንዳይቀሩ አስቦ። እሱም ካምብሪጅ ሳለ በካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ሠርቶ ትዕግሥቱ እንደማይበቃው ያወቀ ሰው ነው። የለየው ግን ገብቶ ካየው በኋላ ነው። አንቺም ገብተሽ፣ ለክተሽ፣ አሁንም ልብሽ ወደ ወረቀቱ ካደላ ያን ጊዜ ያለ ጥርጥር ወደ ወረቀቱ ሂጂ፤ ማንም አይመልስሽ።

ለአባትሽ ምን እንደምትይው የጠየቅሽኝን ለመጨረሻ ያቆየሁት በጣም ስለወደድኩት ነው። እጁ ወደ እኔ አልመጣም ብለሻል። እጅ በውርስ አይመጣም፤ ሥራ ሲጀምር ስንት ሳንቃ እንዳበላሸ ጠይቂው። ከዚያ የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለምን ሦስት እግር እንዳደረጉት ጠይቂው። ወጣ ገባ ወለል ላይ አይንገዳገድም ይልሻል። ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ አንድ ጠለል ላይ ያርፋሉ፤ በቤተ ሙከራችሁ ውስጥ ደረጃቸው በብሎን የሚስተካከል መሣሪያዎች በሦስት እግር የሚቆሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። አባትሽ ይህን ሲሠራበት ኖሯል፤ አንቺ ደግሞ ማረጋገጫውን ታውቂያለሽ። ከዚህ በኋላ ስለ ትምህርትሽ መነጋገር አይከብዳችሁም።

ከዚያ እርዳታ ለምኚው። ቱንቢ ካለው ቱንቢውን፣ ከሌለው ከባድ ዳዶ በጠንካራ ክር አስሮ ከሥራ ቤቱ ወራጅ ላይ ያንጠልጥልልሽ። በሩን ዝጉት፣ ነፋስ እንዳይገባ። የክሩን ርዝመት እሱ ይለካ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር በዓይኑ የሚለይ ሰው ነው። የቱንቢው የክብደት ማዕከል የት እንደሆነ አታውቂም፤ ይህ የአንቺ የንድፈ ሐሳብ ሥራ ነው። በአምስት የተለያዩ የክር ርዝመቶች ለኪ፤ የአንድ ውዝዋዜን ጊዜ በራሱ አባዝተሽ ከክሩ ርዝመት ጋር በግራፍ አስቀምጪው። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ ስበቱ የሚገኘው ከመስመሩ ማዘንበል ስለሆነ ማዕከሉን ማወቅ አያስፈልግሽም።

ወደ ጎን የምትስቢው ከአምስት ዲግሪ አይለፍ፤ ሃያ ዲግሪ ብታደርሺው ጊዜው ከሺህ ሰባት እጅ በላይ ይረዝምና ስበቱ ከአንድ ከመቶ በላይ አንሶ ይታይሻል። አንድ ውዝዋዜ ብቻ አትለኪ። ክሩ አንድ ሜትር ሲሆን አንዱ ውዝዋዜ ሁለት ሰከንድ ያህል ነው፤ ጣትሽ የሩጫ ሰዓቱን ሲጫን አንድ አምስተኛ ሰከንድ ቢሳሳት በስበቱ ላይ ሃያ ከመቶ ስህተት ይሆናል። ሃምሳ ውዝዋዜ ከለካሽ ያው የጣት ስህተት ወደ 0.4 ከመቶ ይወርዳል። በ9.81 እና በ9.78 መካከል ያለው ልዩነት ግን 0.3 ከመቶ ስለሆነ ይህም አይበቃም። አሥር ጊዜ ድገሚው፤ ስህተቱ ወደ ሲሶው ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆናቸውንና ሁለት መሆናቸውን ራስሽ ትፈርጃለሽ።

አባትሽ ውዝዋዜውን ይቁጠር። ሰዓቱን አንቺ ያዢ። ብዕሩን ለታናሽ ወንድምሽ ስጪው። የወጣልሽን ቁጥር ከነስህተት ወሰኑ ላኪልኝ፤ እጠብቃለሁ።